የማኅበር ስብሰባ በጎረቤት ማኅበር ስለሚታይበት መንገድ

በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይና በመርካቶ አካባቢ የሚሠራ ነጋዴ ከሱቁ ሌላ የዕቁብና የዕድር አባል መሆኑ የተለመደ ነው። ዕቁቡ ለዕቃ መግዣ የሚሆነውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ያስገኝለታል፤ ዕድሩም ኀዘን በደረሰበት ቀን አይለየውም። የሁለቱም ጽናት ግን በስብሰባቸው ላይ ነው። ስብሰባው የተበላሸ እንደ ሆነ አባሉ ቅር ብሎት መቅረት ይጀምራል፤ ቀጥሎ መዋጮው ይዘገያል፤ በመጨረሻም ዕጣ ያልወጣለት ሰው ገንዘብ በአደጋ ላይ ይወድቃል።

ማኅበሮች አባሎቻቸውን የሚቈጣጠሩበት ሥርዓት አላቸው። ዳኛና ጸሐፊ ይመረጣሉ፤ ዕጣ የወጣለት ዋስ ይጠራል፤ የዘገየና የቀረ መቀጫ ይከፍላል። ነገር ግን ዳኛው ራሱ ሰዓት አሳልፎ ቢጀምር፣ ሦስት ሰዎች ብቻ ተናግረው ጉዳዩ ቢወሰን፣ ቃለ ጉባዔው ሳይነበብ ቢፈረም፣ ይህን የሚነግረው ማነው? አባሉን ይሉኝታ ይይዘዋል፤ ዳኛውም ዝምታውን እንደ ስምምነት ይቈጥረዋል። «መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» የተባለው ለማኅበርም ይሠራል።

ነጋዴ የሚዛኑን ትክክለኛነት የሚያውቀው በሌላ ሚዛን ሲያስተያየው ነው። እንዲሁም ሁለት ጎረቤት ማኅበሮች ተስማምተው እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ታዛቢዎች ወደ ሌላው ስብሰባ ቢልኩ ጉድለታቸውን ሊያውቁ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1924 በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ በሳንታ አና ከተማ ራልፍ ስሜድሊ የመሠረቱት ቶስትማስተርስ የተባለው የንግግር መለማመጃ ማኅበር ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በስብሰባው አንዱ አባል ሰዓት ይይዛል፤ ሌላው የስብሰባውን አካሄድ ተመልክቶ በመዝጊያው ላይ አስተያየቱን ይሰጣል። ሥራው ከአባል ወደ አባል ስለሚዘዋወር የዛሬው ተቺ ነገ ተተቺ ነው፤ ስለዚህም ቃሉን ይመጥናል።

ይህን ልማድ ለመጀመር የሚከተለውን መጠበቅ ይገባል።

1ኛ፤ ታዛቢዎቹ አካሄዱን ብቻ ይመልከቱ። የገንዘብ መዝገብ አይግለጡ፤ በውሳኔ አይግቡ፤ የሰሙትንም ወደ ገበያ አያውጡ። ዕጣ ለማን እንደ ተቀደመለት ማወቅ፣ በነጋዴዎች ዘንድ የማን እጅ እንዳጠረው ማወቅ ነውና።

2ኛ፤ የሚቈጠረውን ይጻፉ። በስንት ሰዓት ተጀመረ? ከተገኙት ስንቱ ተናገሩ? ከኋላ የተቀመጡትና አዲስ ገቢዎቹ ተጠየቁን? ውሳኔው ከመለያየታቸው በፊት ተነበበን? «ዳኛው ቸልተኛ ነው» ከማለት «በ3 ሰዓት የተጠራው ስብሰባ በ4 ሰዓት ተጀመረ» ማለት ይሻላል። የፊተኛው ጠብ ይወልዳል፤ የኋለኛው ይታረማል።

3ኛ፤ ያዩትን አስቀድመው ለዳኛውና ለጸሐፊው ለብቻቸው ይንገሩ፤ በመጀመሪያ መልካሙን፣ ቀጥሎም ከሁለት የማይበልጥ ጉድለት። ከዚያ በኋላ ዳኛው ራሱ ለአባላቱ ያሰማ፤ የሚታረመውም በቃለ ጉባዔ ይጻፍ።

4ኛ፤ በሚቀጥለው ወር ተመልካቹ በተራው ይታይ። ከሦስት ወር በኋላም ታዛቢዎቹ ተመልሰው የተጻፈው መፈጸሙን ይጠይቁ፤ ያልተጠየቀ ምክር ከወረቀት አያልፍምና።

ለዚህ ሁሉ የሚወጣው ወጪ የሁለት ሰዎች ግማሽ ቀን ነው። በአንጻሩ ዕቁብ አንድ ጊዜ የፈረሰ እንደ ሆነ የጠፋው ገንዘብ በዋስ ሊመለስ ይችላል፤ የጠፋውን መተማመን የሚመልስ ዋስ ግን አይገኝም።