ከወለቃ እስከ ጣና ዳር፤ ቤተሰቡን ይዞ ለሚጓዝ ልጄ

ልጄ፣ ባለቤትህንና ልጆችህን ይዘህ ከጎንደር እስከ ጣና ዳር ያሉትን አድባራትና ግንቦች ልታሳያቸው እንዳሰብህ ሰምቼ ደስ አለኝ። የባሕር በር የለንም፤ ጣና ግን አለን፤ ለልጅ ዓይን ከባሕር አያንስም። ነገር ግን አውቅሃለሁ፤ ልብህ ቅን ነው፣ ዝግጅት ላይ ግን ትዘናጋለህ። መኪናው ከተነሣ ሌላው ሁሉ በመንገድ የሚቃና ይመስልሃል። አይቃናም። እኔ ወለቃ ተወልጄ፣ ዘመኔን ሁሉ በዚህ መንገድ ወጪና ወራጁን ሳይ ኖሬአለሁና የምልህን አንድ በአንድ ስማኝ። ከሁሉም በላይ ይህን ያዝ፦ ጉዞው የልጆችህ ነው። የምታደርገውን ሁሉ በእነሱ አቅምና በእነሱ ዓይን ለካው።

1. ከመውጣትህ በፊት የመንገዱን ወሬ ጠይቅ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን ሰላም ደፍርሷል፤ ዛሬ ክፍት ሆኖ ያደረ መንገድ ነገ ተዘግቶ ታገኘዋለህ። የሰማኸውን ሁሉ አትመን። መነኻሪያ ሂድና በዚያው ቀን ከባሕር ዳር የገባ ሹፌር ፈልገህ አነጋግር፤ በመንገዱ ላይ ባሉት በእንፍራዝ ወይም በአዲስ ዘመን ከተማ ዘመድ ካለህም ደውል። «አይመችም» ካሉህ ቀኑን አስተላልፍ። የተሳልኸው ስለት ቢኖርም አትጨነቅ፤ እግዚአብሔር ሕፃናትን አደጋ ላይ ጥለህ እንድትከፍለው አይሻም። መንገዱ ደህና ነው ቢሉህ እንኳ በቀን ተጓዝ፤ ጀንበር ሳታዘቀዝቅ ማደሪያህ ግባ። በጨለማ የተጓዘ ሰው አንድ ሰዓት ቢያተርፍ ነው፤ የሚያጣው ግን አይታወቅም።

2. መኪናውንና ስንቁን ከሳምንት በፊት አሰናዳ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከጎንደር ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሩቅ አይደለም ብለህ ግን አትናቀው። ፍሬኑን አስፈትሽ፣ ትርፍ ጎማውን አስነፋ፣ ክሪኩ መኖሩን በዓይንህ እይ። መኪናውን በኮንትራት ከያዝህ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የሹፌሩንም ጠባይ ጠይቅ፤ ልጆችህን የምታስረክበው ለእሱ ነው። ዳቦ ቆሎና በሶ ያዝ፤ ጾም ከሆነ በየመንገዱ የሚገኘው ሁሉ አይበላም፤ የራበው ሕፃን ደግሞ ግንብ አይታየውም። አንድ ነገር አትርሳ፦ ልጆችህ ደገኞች ናቸው፣ የጣና ዳርና የፎገራ ሜዳ ግን የወባ አገር ነው። አጎበር ሳትይዝ እዚያ እንዳታድር።

3. ቀንህን በወሩ በዓል ምረጥ። በ7 ጎንደር ላይ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ በ16 ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ በ21 ጎርጎራ ላይ ደብረ ሲና ማርያም ብትደርስ ቤተ ክርስቲያኑን በማዕረጉ ታየዋለህ። ቅዳሴ ይቀደሳል፣ ሕዝቡ ነጠላውን ለብሶ ይመጣል፣ ጠበሉም አለ። በሌላ ቀን ቁልፍ የያዘውን አባት ስትጠብቅ ልጆችህ ይሰለቻሉ። ጥምቀትን ግን ትንንሽ ልጆች ይዘህ ለመጀመሪያ ጉዞ አትምረጠው፤ ጥር 11 የፋሲል መዋኛ ዙሪያ መርገጫ የለውም፣ ማደሪያውም ይወደዳል። ጢስ ዓባይን ማሳየት ከፈለግህ ክረምቱ ሲወጣ ሂድ። በበጋ አብዛኛው ውሃ ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚዞር ልጆችህ ፏፏቴ ብለህ የነገርኻቸውን ባዶ ገደል መስሎ ሊያገኙት ይችላሉ።

4. ከደጅህ ጀምር። ሰው ሩቁን ሲመኝ የጎረቤቱን ታሪክ ሳያውቅ ይሞታል። ወለቃ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፣ ቤተ እስራኤል የኖሩባት መንደር ናት። ብረት ቀጥቅጠው ማረሻችንን የሠሩልን፣ ሸማ የሸመኑልን፣ ገንቦና ድስት ያበጁልን እነሱ ናቸው። በ1977 ዓ.ም. ብዙዎቹ በእግራቸው ሱዳን ደርሰው ወደ እስራኤል ተሻገሩ፤ በግንቦት 1983 ደግሞ ከ14,000 በላይ የሚሆኑት በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደዚያው ተወሰዱ። ምኩራባቸው ግን እዚሁ አለ። ልጆችህን ይዘህ ግባና እውነቱን ንገራቸው፦ እጃቸው የሠራውን እየተጠቀምን «ቡዳ» ብለን እንሰድባቸው ነበር። ይህ ኃጢአት ነው። ክርስቲያን ልጅ የአያቶቹን ክብር ብቻ ሳይሆን በደላቸውንም ሊያውቅ ይገባዋል። ከዚያ ሸክላ ከምትሠራዋ እናት ዘንድ ቁጭ አድርጋቸው። ጭቃውን በአውራ ጣቷ እየጫነች አንገትና ጆሮ ስታወጣለት፣ የሸክላ አንበሳ ከመዳፏ ሲነሣ ይዩ።

5. በቀን አንድ ትልቅ ቦታ ይበቃሃል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ፋሲል ግቢን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ ቁስቋምን በአንድ ቀን አዳርሼ ማታ ባሕር ዳር እገባለሁ የሚል ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ ልጆቹ መኪና ውስጥ ተኝተው ነው የሚያልፉት። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1628 ዓ.ም. ነው፤ ግቢው 900 ሜትር በሚሆን አጥር የተከበበ፣ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። የፋሲልን ግንብ፣ የዮሐንስን ቤተ መጻሕፍት፣ የኢያሱን ግንብ፣ የአንበሳውን ቤት ቀስ ብለው ይዙሩ። በማግስቱ ደብረ ብርሃን ግቡና ወለሉ ላይ አስቀምጣቸው፤ ቀና ብለው የጣሪያውን መላእክት ይመልከቱ፤ እያንዳንዱ ፊት ዓይኑን ወደ ታች ጥሎ ያያቸዋል። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሽ ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥል ይህች እንደተረፈች፣ አባቶችም ንቦች ጠላትን መለሱ እንደሚሉ ያኔ ንገራቸው። ልጅ የሰማውን ከሚያየው ጋር ያገናኘ ጊዜ አይረሳውም።

6. መንገዱንም እንደ መድረሻው ቁጠረው። ብዙ ሰው ከጎንደር ባሕር ዳር ሲወርድ ከእንፍራዝ አጠገብ ኮረብታው ላይ ያለውን የጉዛራን ግንብ ቀና ብሎ ሳያየው ያልፋል። ዐፄ ሠርፀ ድንግል ያሠሩት ነው፤ ከፋሲል ግንብ ይቀድማል። ውረዱና ውጡት። ጎንደር ከሰማይ የወረደች አለመሆኗን፣ ሥራ ከሥራ እየተማረ እንደሚያድግ ልጆችህ በእግራቸው ይረዱታል። ከላይ ሲያዩ ጣና በሩቁ ይታያቸዋል። ከዚያ ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዙን አሳያቸው፤ ወረታ ላይ ቆማችሁም ምሳ ብሉ። መኪና ውስጥ ተቆልፎ የዋለ ልጅ ማታ ቢያለቅስ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

7. ታሪኩን ከአገሬው አፍ ስማ፤ መራራውንም አትዝለል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል። በየቦታው ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ወይም የደብሩ አባት አለ፤ ተገቢውን ክፈልና ጠይቅ። ጎርጎራ ስትደርስ የደብረ ሲና ማርያምን ሥዕል ብቻ አይተህ አትመለስ። ዐፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት የነበራቸው በዚያ አካባቢ ነው፤ ጴጥሮስ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ካህንም ሞቶ የተቀበረው እዚያው ነው። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት በአዋጅ ሲያጸኑ አገር በደም ታጠበች፤ በ1624 ዓ.ም. የቀደመውን እምነት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ልጆችህ ይህን ሲሰሙ «ማን አሸነፈ?» ብለው ይጠይቁሃል። እምነት በሰይፍ ሲጫን አሸናፊ እንደሌለ ንገራቸው። ይህ ለዛሬውም ዘመን የሚሆን ትምህርት ነው።

8. ጣና ላይ በጠዋት ተሳፈር፤ የምትሄድበትን ደሴትም አስቀድመህ ለይ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣና ውሃው ይናወጣል። ለእያንዳንዱ ልጅ ላይፍ ጃኬት ሳይታሰር ጀልባው አይነሣ፤ ባለ ጀልባው ቢስቅብህም አትፈር። ዋጋውን፣ የምትቆዩበትን ሰዓትና የምትደርሱበትን ገዳም ሳትሳፈር ተነጋገር። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም፤ ይህን ሳታጣራ ሄደህ ባለቤትህንና ሴት ልጅህን ጀልባ ላይ ጥለሃቸው እንዳትወጣ። ዳጋ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም ያረፈበት ታላቅ ስፍራ ነው፤ ግን ለሌላ ጊዜ ይቆይህ። የቤተሰብ ጉዞ ሁሉም አብሮ የሚገባበት ይሁን፤ የዘጌ ገዳማትና በደቅ ደሴት ያለችው የእቴጌ ምንትዋብ ናርጋ ሥላሴ ይበቁሃል። ውሃው ላይ በደንገል ታንኳ ዓሣ የሚያሰግሩትን አሳያቸው። አረንጓዴውን እምቦጭም አሳያቸውና ሐይቁን እየወረሰ ያለ አረም መሆኑን አስረዳቸው፤ የሚወድደውን ነገር ሕመም ያላወቀ ሊጠብቀው አይችልም።

9. ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጀምሮ ሥርዓትህ ይታይ። ጫማ አውልቁ፣ ነጠላ በአግባቡ ልበሱ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ስልክህን ኪስህ ክተት። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትገቡ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ነው። አባ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው በቀጭን ዘንግ ጫፍ ቅዱስ ጊዮርጊስን ሲያሳዩ ልጅህ ጣቱን ሊዘረጋ ይሮጣል፤ እጁን ያዘው። የእጅ ወዝ ቀለም ያበላሻል፣ የካሜራ ብልጭታም አትጠቀም፤ የጠፋ ሥዕል ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ሳትጠይቅ ፎቶ አታንሣ፤ መነኩሴውም ሆኑ ሸክላ ሠሪዋ ሰው ናቸው፣ የአንተ ማስታወሻ ጌጥ አይደሉም። ልጅ አክብሮትን ከንግግርህ አይማረውም፤ ከወገብህ መጉበጥ ነው የሚማረው።

10. ገንዘብህ ለአገሬው ይድረስ፤ ቆሻሻህ ግን ከአንተ ጋር ይመለስ። ሸክላ ከወለቃ፣ ቡና ከዘጌ ግዛ። ዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ በቀድሞ አባቶች ግዝት የተከለከለበት፣ ሕዝቡ በቡና፣ በጌሾና በሎሚ የሚኖርበት ስፍራ ነው፤ ጫካው እስከ ዛሬ የቆመውም በዚህ ነው። ዋጋ ስትከራከር ልክ ይኑርህ፤ አንተ ለአንድ ጊዜ ቡና የምትከፍለውን ያህል ለማትረፍ የእናትን ላብ አታርክስ። መንገድ ዳር ለሚሮጡ ሕፃናት ከመስኮት ብርና ከረሜላ አትወርውር፤ ትምህርት ቤት ትተው መኪና እንዲያሳድዱ ታስተምራቸዋለህ። መርዳት ካማረህ ለደብሩ ወይም ለትምህርት ቤቱ በእጅ ስጥ። የጠጣችሁበትን ሃይላንድ ደግሞ አንድም ሳይቀር ሰብስበህ ተመለስ።

11. ጠዋትና ማታ በቤተሰብ ጸልይ፤ ማታም ልጆችህን አናግር። በስመ አብ ሳትል መኪና አታስነሣ፤ ስትገባም ተመስገን በል። ራት ከበላችሁ በኋላ እያንዳንዱ ልጅ ያየውን አንድ ነገር ይናገር፤ ሲሳሳት አትቆጣው፣ ቀስ ብለህ አቅናው። ባለቤትህንም አስባት፤ ሌላው ሁሉ አገር ሲያይ እሷ ልብስ ስታጥብና ስንቅ ስታሰናዳ ውላ ከተመለሰች ጉዞው ጎድሏል። ሥራውን ተካፈላት። ቤተሰቡን እያስመረረ ገዳም የሚስም ሰው ድካሙን እንጂ በረከቱን ይዞ አይመለስም።

እንግዲህ ልጄ፣ ይህን ሁሉ የነገርሁህ ላስፈራህ አይደለም። አባቶቻችን በእግራቸውና በበቅሎ ሲሳለሙት የኖሩትን አንተ በመኪና ትደርስበታለህ፤ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ በችኮላና በግዴለሽነት አታባክነው። ልጆችህ ነገ ጎንደርን ቢጠብቁ፣ ጣናን ቢታደጉ፣ ጎረቤታቸውን በእምነቱ ሳይንቁ ቢያከብሩ ከአንተ ባዩት ነው። ዛሬውኑ ከባለቤትህ ጋር ተቀምጠህ ቀን ቁረጥ፣ የመንገዱንም ወሬ ጠይቅ። እመቤቴ ትከተልህ፤ መንገዳችሁን ታቅናላችሁ፤ በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ።