ለድርጊቱ ቃል አለን፤ ለልጁስ?

አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ ያለው የታወቀ ቃል «ግብረ ሰዶም» ነው። «ግብር» ማለት ሥራ፣ ድርጊት ማለት ነውና ቃሉ የሚናገረው ስለ ተፈጸመ ነገር ነው። ስለ ድርጊቱ ዑለማዎች በየኪታቡ ያሰፈሩትን አንባቢ ስለሚያውቀው ያንን መድገም የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ጥያቄው ሌላ ነው። አንዳች ነገር ያልፈጸመ፣ ገና 14 ዓመት የሞላው፣ የክፍል ጓደኞቹ ስለ ልጃገረዶች ሲያወሩ የእርሱ ልብ ወደ ወንድ ማዘንበሉን አይቶ የደነገጠ ልጅ ምን ተብሎ ይጠራል? ስም የለውም። ስም ስለሌለውም የሌለ ይመስለናል።

እንዲህ ያለ ልጅ ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ ለማወቅ ብሪታንያን በ1980ዎቹ መመልከት ይጠቅማል (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እዚያ ዝምታ በሕግ ስለተደነገገ ውጤቱን ዛሬ ቁጭ ብሎ መመርመር ይቻላል።

የልጁ ውሎ ከሌሎች ልጆች ውሎ ብዙም አይለይም ነበር። ጠዋት በአውቶቡስ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ በእረፍት ሰዓት ስለ እግር ኳስ ሲወራ ይሰማል፤ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ገብቶ ሻዩን እየጠጣ «ኔበርስ» የተባለውን የአውስትራሊያ ተከታታይ ድራማ ያያል። ልዩነቱ ሲጠነቀቅ መዋሉ ነው። እንዴት እንደሚራመድ፣ እጁን እንዴት እንደሚያወዛውዝ፣ ማንን ለምን ያህል ጊዜ እንዳየ፣ በሁሉም ራሱን ይጠብቃል። ከዚህ ጥበቃ የሚያርፈው በሙዚቃ ነበር። ሐሙስ ማታ ቢቢሲ «ቶፕ ኦፍ ዘ ፖፕስ» የተሰኘውን የዘፈን ፕሮግራም ሲያስተላልፍ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ ያያል። እሁድ ምሽት ሬዲዮ የሳምንቱን 40 ዘፈኖች በደረጃ ሲያሰማ ደግሞ ባዶ ካሴት ያስገባና ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ፣ አቅራቢው መናገር ሳይጀምር ለማቆም ይጣደፋል። (ከሬዲዮ ካሴት የቀዳ አንባቢ ይህን ጥድፊያ አይረሳውም።) «ስማሽ ሂትስ» የተባለው መጽሔት የዘፈን ግጥሞችን ያትም ስለነበር ከኪሱ ገንዘብ ቆጥቦ ይገዛዋል፤ ግጥሙን በቃሉ ያጠናል፤ የዘፋኟን ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። ወላጆቹ ፎቶውን ያዩና «ልጃችን አደገ» ብለው ይሳሳቃሉ። እርሱ የወደደው ግን ዳንሷንና ማንንም አለመፍራቷን ነው።

ይህን ደስታ ከንቱ ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። ስለ ሙዚቃ በዑለማዎች መካከል ያለው ክርክርም የታወቀ ነው። ነገር ግን ልጁ ከዘፈኑ ይፈልግ የነበረው ዜማውን ብቻ አልነበረም። እንደ እርሱ ያለ ሰው በዓለም ላይ መኖሩን የሚነግረው ድምፅ ይፈልግ ነበር። ያንንም በግልጽ አላገኘውም። ከ«ፔት ሾፕ ቦይስ» አንዱ የሆነው ኒል ቴናንት ስለ ራሱ በይፋ የተናገረው በ1994 ነው፤ ጆርጅ ማይክል ደግሞ በ1998። እስከዚያ ድረስ ልጁ ሰሙን እየሰማ ወርቁን ብቻውን ይፈልግ ነበር።

ከአዋቂዎች በኩል የመጣው ድምፅ ሌላ ነበር። በ1987 መንግሥት ስለ ኤድስ የሚያስጠነቅቅ በራሪ ጽሑፍ ለየቤቱ በፖስታ ላከ። ልጁ ስለ ራሱ ከትልልቅ ሰዎች የሰማው የመጀመሪያው ነገር ከሞት ጋር ተያይዞ መጣ ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ አንቀጽ 28 ደግሞ መስተዳድሮች ግብረ ሰዶምን እንዳያስፋፉ፣ በትምህርት ቤቶቻቸውም ተቀባይነት ያለው የቤተሰብ ዓይነት ተደርጎ እንዳይሰጥ ከለከለ። በዚህ አንቀጽ ተከሶ የተፈረደበት መምህር የለም። ብዙ መምህራን ግን ከሕጉ አልፈው ፍርሃታቸውን ተከተሉ፤ ልጅ ሲሰደብ እየሰሙ ዝም ያሉ ነበሩ። አንቀጹ በስኮትላንድ በ2000፣ በእንግሊዝና በዌልስ በ2003 ተሻረ። በእነዚያ ዓመታት እንዲህ ያሉ ልጆች መኖራቸው አልቀረም። የቀረው የሚጠይቁት አዋቂ ነው።

ከዘፈኖቹ ሁሉ አንዱ ነገሩን ሳይሸፍን ተናግሮታል። በ1984 «ብሮንስኪ ቢት» የተባለ የሦስት ወጣቶች ቡድን «ስሞልታውን ቦይ» የሚል ዘፈን አውጥቶ በብሪታንያ 3ኛ ደረጃ ደረሰ። በቪዲዮው ላይ ልጁ ይደበደባል፤ ፖሊስ ቤቱ ድረስ ያመጣዋል። ከቤት ወጥቶ ሲሄድ አባቱ ገንዘብ ይሰጠዋል፤ እጁን ለመጨበጥ ግን እምቢ ይላል። ይህ የዘፈን ፈጠራ ብቻ አልነበረም። በ1989 ማንቸስተር ውስጥ ከቤት ለተባረሩ እንዲህ ላሉ ልጆች ማደሪያ የሚፈልግ ድርጅት ተቋቋመ። ስያሜውንም ያገኘው በ16 ዓመቱ ከሞተው ከአልበርት ኬኔዲ ነው። ድርጅቱ ዛሬም ሥራ አልፈታም።

«ታዲያ ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል ይኖራል። በ2019 በበርሚንግሃም ከተማ ፓርክፊልድና አንደርተን ፓርክ በተባሉ ሁለት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በር ላይ፣ አብዛኞቹ ሙስሊሞች የሆኑ ወላጆች ስለ ተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች የሚነገረውን ትምህርት ተቃውመው ሰልፍ ወጡ። ወላጅ ልጁ ስለሚማረው ነገር ቢጠይቅ መብቱ ነው። ሆኖም «ትምህርት ቤት አይንገረው» ያለ ወላጅ «እኔን ቢጠይቀኝ እመልስለታለሁ» ማለትም ይጠበቅበታል። ይህን የሚለው ስንቱ ነው?

ኢማም አሕመድ ከአቡ ኡማማ በዘገቡት ሐዲስ፣ አንድ ወጣት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘንድ መጥቶ ዚና እንዲፈቅዱለት ጠየቀ። የነበሩት ሰዎች ተቆጡት። እርሳቸው ግን ወደ ራሳቸው አስጠጉት፤ በእርጋታ አነጋገሩት፤ እጃቸውን በላዩ አኑረው ዱዓ አደረጉለት። ፍርዱን አልለወጡም፤ ልጁንም አላባረሩም። የሁለቱ ልጆች ጉዳይ አንድ ነው ማለታችን አይደለም፤ ልብ ይባል የምንለው አቀባበሉን ነው። ሱረቱል ሑጁራትም (49፡12) መሰለልንና ሐሜትን አንድ ላይ ይከለክላል። ሌሊት ተነስቶ የልጁን ስልክ የሚበረብር አባት፣ ቡና ላይ ተቀምጣ የጎረቤቷን ልጅ አካሄድ የምታነሳ እናት ይህን አንቀጽ ስንት ጊዜ ቀርተውት ይሆን?

ዛሬ ካሴቱ የለም። እንግሊዛዊቷ ደራሲ አሊስ ኦስማን በ2016 በሥዕላዊ ታሪክ መልክ ማውጣት የጀመረችው የሁለት ተማሪ ወንዶች ፍቅር «ሃርትስቶፐር» በ2022 በኔትፍሊክስ ተከታታይ ድራማ ሆኖ ቀርቧል። ወርቁን ፍለጋ መድከም ቀርቷል፤ ሁሉም በግልጽ ነው። ለንደን ያለ የእኛው ሰው ልጅም በስልኩ ሊያየው ይችላል። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ብቻውን ሲስቅ እናቱ ከማድ ቤት ሆና «ምን እያየህ ነው?» ትለዋለች። «ምንም» ይላታል።