የደም ሥርን አስቀድሞ መጠበቅ፦ ለኩላሊት ሕሙማን የእጥበት መንገድ አመራረጥ



ለኩላሊት እጥበት እርዳታ የሚሹ ምእመናን ወደ አጥቢያችን ሲመጡ ብዙውን ጊዜ የምናስበው ስለ እጥበቱ ክፍያ ነው። ከክፍያው በፊት ግን ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ደሙ ከሰውነት ወጥቶ በማሽን ከተጣራ በኋላ የሚመለስበት መንገድ ነው። ይህ መንገድ እጥበቱ ከመጀመሩ ከወራት በፊት ሊዘጋጅ፣ እስከዚያውም የሕመምተኛው የክንድ ደም ሥሮች ሊጠበቁ ይገባል።

ሦስቱ መንገዶች

የእጥበት ማሽን በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይፈልጋል፤ ተራ የክንድ ደም ሥር ይህን ሊሰጥ አይችልም።

የመጀመሪያው መንገድ ፊስቱላ ይባላል። በስም ቢመሳሰልም በወሊድ ምክንያት በእናቶች ላይ ከሚደርሰው ጉዳት ፈጽሞ የተለየ ነው። ሐኪሙ በእጅ አንጓ ወይም በክርን አካባቢ ደም ቅዳውን ከደም መልሱ ጋር በቀዶ ሕክምና ያገናኛል፤ ደም መልሱም እየሰፋና እየጠነከረ ይሄዳል። የገዛ አካል በመሆኑ ለኢንፌክሽን ብዙም አይጋለጥም፤ ለዓመታትም ሊያገለግል ይችላል። ሆኖም ለመርፌ እስኪደርስ ከ6 እስከ 12 ሳምንታት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ሳይጎለብት የሚቀርበትም ጊዜ አለ።

ሁለተኛው ግራፍት ነው። ደም ሥሮቹ ቀጭን ለሆኑበት ሰው፣ ሰው ሠራሽ ቱቦ ከቆዳ ሥር ይቀበርለታል። አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሳምንታት ባለው ጊዜ ለአገልግሎት ይደርሳል፤ ከፊስቱላ ይልቅ ግን በቶሎ ሊዘጋ ይችላል።

ሦስተኛው ብዙ ጊዜ በአንገት በኩል የሚገባው ካቴተር ነው። ወዲያውኑ ስለሚያገለግል በድንገተኛ ጊዜ ሕይወት ያተርፋል። ነገር ግን ለጀርም በቀጥታ ወደ ደም የሚያስገባ በር ይሆናል፤ በተለይ በአንገት አጥንት ሥር ሲገባ ትልቁን ደም ሥር አጥብቦ፣ የዚያ ወገን ክንድ ለፊስቱላ እንዳይሆን ሊያደርግ ይችላል።

ለሁሉም የሚስማማ አንድ ምርጫ የለም። ዕድሜ፣ የልብ ጤንነትና የደም ሥር ስፋት ይታያሉ፤ ውሳኔውም የሕመምተኛውና የሐኪሙ ነው። ሳይዘጋጅ የቀረ ሕመምተኛ ግን በአብዛኛው በካቴተር ይጀምራል፤ የመምረጥ ዕድሉም ይጠብበታል።

ክንድን ስለ መጠበቅ

ዮሴፍ በጥጋቡ ዘመን ለረሃቡ እህል እንዳከማቸ፣ ሕመምተኛውም ዛሬ ያሉትን ደም ሥሮች ለነገ ሊያቆይ ይገባዋል። ስለዚህ ደም ሲቀዳ ወይም ግሉኮስ ሲሰጠው በተቻለ መጠን ከክንዱ ይልቅ ከእጁ ጀርባ እንዲሆን ይጠይቅ። ከክንድ ተነሥቶ እስከ ልብ አጠገብ የሚደርስ ረጅም ቱቦ እንዲገባለት ሲታሰብም አስቀድሞ የኩላሊት ሐኪሙ ይማከር።

ፊስቱላ በተሠራበት ክንድ የደም ግፊት አይለካም፤ ደም አይቀዳበትም፤ ጠባብ አምባር አይታሰርበትም። ሕመምተኛው ንዝረቱን በየቀኑ በጣቱ ይዳስስ፤ ንዝረቱ ከጠፋ በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ይሂድ።

የአጥቢያው ድርሻ

ሰበካ ጉባኤ እርዳታ ሲያሰባስብ የፊስቱላውን ቀዶ ሕክምና ወጪ ጭምር ያስብ። የንስሐ አባትም የንስሐ ልጃቸው ኩላሊት መድከሙን ሲሰሙ፣ «ስለ ክንድህ ሐኪሙን ጠይቀሃልን?» ብለው ያሳስቡ።

በጠበል ቦታ ለሚያገለግሉ አባቶች ደግሞ ልዩ አደራ አለን። ካቴተር የገባበት ቦታ መርጠብ የለበትም፤ ፋሻውም ሊፈታ አይገባም። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ሲመጣ ወደ ጠበሉ ከማስገባት ይልቅ ካቴተሩ ከሌለበት ወገን በጥቂቱ ቢረጭ፣ በመስቀል ቢባረክ በረከቱ አይጎድልበትም። የሚጠጣው መጠንም ሐኪሙ ከፈቀደለት አይለፍ፤ በእጥበት ላይ ያለ ሰው ትርፍ ውኃን በሽንት የማስወገድ ዐቅሙ ደክሟልና። ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከታየበት ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ይላክ። ጠበልና ሕክምና እንደማይጣሉ ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ስታስተምር ቆይታለች፤ መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያዝዘናል።

እግዚአብሔር አምላክ ሕሙማንን በምሕረቱ ይጎብኝልን፤ እኛንም በጊዜው የምንደርስ ያድርገን። አሜን።