ትምህርት አሥራ አራት፦ አመዛዛኝ ድርሰት — ሰው ሠራሽ አስተውሎት በትምህርት ቤት

መግቢያ

ከዚህ በፊት በቀረቡት ትምህርቶች ተራኪ፣ ሥዕላዊና ገላጭ ድርሰቶች እንዴት እንደሚጻፉ ተምራችኋል። በዚህ ትምህርት ደግሞ አመዛዛኝ ድርሰትን ታጠናላችሁ። አመዛዛኝ ድርሰት ማለት ጸሐፊው ሰዎች በሚለያዩበት ጉዳይ ላይ የሁለቱንም ወገን ምክንያት መርምሮ የራሱን ፍርድ የሚሰጥበት የድርሰት ዓይነት ነው። ሚዛን የያዘ ሰው አንዱን ሳሕን ብቻ ተመልክቶ ክብደቱን እንደማይናገር ሁሉ፣ የአመዛዛኝ ድርሰት ጸሐፊም የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ሰምቶ አይፈርድም።

ከዚህ በታች የቀረበውን ምንባብ በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ፣ ቀጥሎም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። በምታነቡበት ጊዜ ጸሐፊው የቱ ላይ ለአንዱ ወገን፣ የቱ ላይ ለሌላው እንደሚናገር ልብ በሉ።

ሀ. ምንባብ

ማሽኑና ተማሪው

ኮዬ ፈጬ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል የሚገኝ ሰፊ የጋራ መኖሪያ ሰፈር ነው። ቀድሞ የእርሻ መሬት በነበረው ስፍራ ላይ ዛሬ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃዎች ተደርድረዋል። በዚህ ሰፈር በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ሁለት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች አሉ እንበል። መምህራቸው «የሰፈራችን ገበያ» በሚል ርእስ ድርሰት ጽፈው እንዲመጡ አዘዋቸዋል። ልጁ በአባቱ ስልክ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ጠይቆ፣ የተሰጠውን ገልብጦ በሩብ ሰዓት ጨረሰ። ልጅቱ ግን በቤታቸው ያለው ስልክ ከመደወል በቀር ሌላ አገልግሎት ስለማይሰጥ፣ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ድረስ ስትጽፍና ስትሰርዝ አመሸች። የልጁ ድርሰት ሆሄው የተስተካከለ፣ አንቀጹም የተሰደረ ነበር፤ ነገር ግን የገለጸው ገበያ በየትኛውም ከተማ ሊገኝ የሚችል ገበያ ነው። የልጅቱ ድርሰት የፊደል ግድፈት አለበት፤ ይሁን እንጂ ድንች በመደብ የሚሸጡትን እናቶች፣ ዝናብ ሲመጣ የሚዘረጋውን ሸራና ጭቃውን በዓይን ያሳያል። ልጁ ከአሥር ዘጠኝ፣ ልጅቱ ከአሥር ስድስት ተሰጣቸው። እንግዲህ ከሁለቱ የተማረው ማን ነው? የተጎዳውስ? ልጅቱ በነጥብ፣ ልጁ ደግሞ በዕውቀት ተጎድተዋል።

«ማሽን በትምህርት ቤት ምን ይሠራል? ፈጽሞ ይከልከል» የሚሉ ወገኖች የሚያነሡት ምክንያት ይህንኑ የመሰለ ነው። ፈተና ሲደርስ ስልኩ ከበር ውጭ ይቀራል፤ ተማሪው በራሱ ጭንቅላት ውስጥ ካለው በቀር የሚጠይቀው የለም ይላሉ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በተሰጠ ጊዜ፣ ከተፈታኞቹ መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያስመዘገቡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ያስታውሳሉ። ነገር ግን በዚህ ማስረጃ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቻት ጂፒቲ የተባለው መሣሪያ ለሕዝብ የቀረበው ከዚያ ፈተና በኋላ፣ በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ያንን ድክመት ማሽኑ አላመጣውም፤ ድክመቱ ቀድሞም ነበረ። ማሽኑ የሚያደርሰው ጉዳት ሌላ ነው፤ ይኸውም ድክመቱን እስከ ፈተናው ቀን ድረስ ከተማሪውም፣ ከመምህሩም፣ ከወላጁም ሰውሮ ማቆየቱ ነው።

አገራችን በትምህርት ቤት አዲስ መሣሪያ ስታስገባ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ፕላዝማ» እየተባለ የሚጠራው የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በእንግሊዝኛ ቋንቋ፣ በሳተላይት አማካይነት ለየክፍሉ ይደርስ ነበር። ጥቅም አልነበረውም ማለት አይቻልም። ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ሙከራውን በምስል አይቷል፤ በገጠርና በከተማ ያሉ ተማሪዎችም አንድ ዓይነት ትምህርት ተከታትለዋል። ይሁን እንጂ ሥርጭቱ ተማሪው ገባው አልገባው ብሎ አይጠይቅም፤ «ይድገሙልኝ» ቢሉትም አይሰማም። ቋንቋውና ፍጥነቱ ብዙዎችን ወደ ኋላ አስቀረ። መምህሩም በራሱ ክፍል ውስጥ ከሥርጭቱ በፊትና በኋላ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚናገር እንግዳ ሆነ።

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንዲህ አይደለም» የሚሉት ደጋፊዎቹ በዚህ ረገድ እውነት አላቸው። ይህ መሣሪያ ተማሪው እስኪጠይቀው ይጠብቃል፤ አሥር ጊዜ ቢጠየቅ አሥር ጊዜ ያስረዳል፤ አይቆጣም። ተማሪ በበዛበት ክፍል ለማስተማር ለተቸገረ መምህርም የመልመጃ ጥያቄ በማዘጋጀት ሊያግዘው ይችላል። ሆኖም የዚህኛው አደጋ የፕላዝማው ተቃራኒ ነው። ፕላዝማው ተማሪውን ጥሎት ይሄድ ነበር፤ ይህኛው ግን ተሸክሞት ይሄዳል። ዘወትር የሚሸከሙት ልጅ ደግሞ እግሩ አይጠናም።

ሌላም ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ። ይህ ማሽን ከተመገበው እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተነሥቶ፣ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ ዓረፍተ ነገር ይሠራል እንጂ፣ መዝገብ ገልጦ የሚመሰክር ምስክር አይደለም። በመሆኑም ሲሳሳትም እንደ ሊቅ በሙሉ ልብ ይናገራል። በአማርኛ የተጻፈው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ከተጻፈው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት በመሆኑ፣ በቋንቋችን ሲጠየቅ ስሕተቱ ሊበዛ ይችላል። ለምሳሌ የዐድዋ ድል የተገኘው በ1888 ዓ.ም. ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1896 የሚለውን ቁጥር ይዞ «በ1896 ዓ.ም.» ብሎ ቢጽፍላችሁ፣ ቀመሩን የማያውቅ ተማሪ ስምንት ዓመት ተሳስቶ ይገለብጣል። ቀመሩን የሚያውቅ ግን ያርመዋል። ከዚህ የምንረዳው፣ ማሽኑ ይበልጥ የሚጠቅመው አስቀድሞ ለተማረ ሰው መሆኑን ነው።

መንግሥታትና ድርጅቶችም ጉዳዩን እያሰቡበት ነው። በአገራችን በዚህ ሙያ ላይ የተሠማራ ተቋም በ2012 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት ተብሎ ይጠራል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ብሔራዊ ፖሊሲውን አጽድቋል፤ በዚያው ዓመት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ፣ ይህን መሣሪያ በክፍል ውስጥ የሚጠቀሙ ልጆች ዕድሜ ቢያንስ 13 ዓመት እንዲሆን መክሯል።

እንግዲህ ሚዛኑ ወዴት ያደላል? በእኛ አስተያየት ፈጽሞ መከልከልም፣ ልጓም ሳያበጁ መልቀቅም ትክክል አይደለም። ፊደል ቆጥሮ፣ በእጁ ጽፎ፣ አንብቦ መረዳት ያልጀመረ የአንደኛ ደረጃ ሕፃን በመጀመሪያ ይህንኑ በራሱ ጉልበት ይልመድ። በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ ተማሪው ከመጠቀሙ በፊት መምህሩ ይሠልጥን፤ የተፈቀደውና የተከለከለው ተለይቶ በይፋ ይነገር፤ የተማሪ ስም፣ ውጤትና ፎቶግራፍ ለማሽን አይሰጥ፤ ስልክ ያለውና የሌለው ተማሪ በአንድ መለኪያ እንዳይዳኙ፣ መሣሪያው የሚያስፈልገው ሥራ በትምህርት ቤት ውስጥ፣ ሁሉም በእኩል በሚያገኙት ኮምፒዩተር ይሠራ። ከሁሉም በላይ ተማሪው አስቀድሞ ራሱ ይሞክር፤ ማሽኑን ሥራውን እንዲያርምለት እንጂ እንዲሠራለት አይጠይቀው። አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ በተውሶ ዕውቀትም ላይ ይሠራል።

ለ. የቃላት ፍች

ሰው ሠራሽ አስተውሎት — የሰውን የማሰብ ሥራ የሚመስል ተግባር እንዲያከናውን የተሠራ የኮምፒዩተር ሥልት
የተሰደረ — በቅደም ተከተል የተደረደረ
በመደብ — በትንንሽ ክምር ተከፍሎ
ልጓም — እዚህ ላይ፣ ገደብ
ቀመር — የዘመን መቁጠሪያ ስሌት

ሐ. ሰዋስው

1. የማመዛዘኛ አያያዦች

አመዛዛኝ ድርሰት ያለ አያያዥ ቃላት አይቆምም። አያያዦቹ እንደ አገልግሎታቸው በሦስት ይከፈላሉ።

ተቃራኒ ሐሳብን የሚያያይዙ፦ ግን፣ ነገር ግን፣ ይሁን እንጂ፣ ሆኖም።
ውጤትን የሚያመለክቱ፦ ስለዚህ፣ በመሆኑም፣ እንግዲህ።
ሐሳብን ተቀብሎ ለመመለስ የሚያገለግሉ፦ «ምንም እንኳ … ም»።

ማስታወሻ፦ «ምንም እንኳ» ሲነገር ተከታዩ ግሥ «ም» የሚለውን ቅጥያ ይፈልጋል።

ስሕተት፦ ማሽኑ ምንም እንኳ ቶሎ ቢመልስ፣ መልሱ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም።
ትክክል፦ ማሽኑ ምንም እንኳ ቶሎ ቢመልስም፣ መልሱ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም።

2. መጥበቅና መላላት

ፊደላችን የድምፅን መጥበቅና መላላት በጽሑፍ አያሳይም። «አለ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ»፣ ጠብቆ ሲነበብ «ይገኛል» ማለት ነው። «ይበላል» ላልቶ ሲነበብ ስለሚበላው ሰው፣ «በ» ጠብቆ ሲነበብ ስለሚበላው ምግብ ይናገራል። አማርኛን አፉን የፈታበት ሰው ልዩነቱን ከዓረፍተ ነገሩ ሐሳብ ይረዳል፤ ማሽን ግን ሲተረጉም ወይም ድምፅ አውጥቶ ሲያነብ ሊምታታበት ይችላል። እንዲሁም እንግሊዝኛ «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ» እና «እናንተ» የምንላቸውን በአንድ ቃል ስለሚጠራ፣ ከዚያ ቋንቋ የተተረጐመ ደብዳቤ አያትን «አንተ» ሊል ይችላልና ሳታርሙ አትላኩ።

መ. የድርሰት አጻጻፍ መመሪያ

አመዛዛኝ ድርሰት ስትጽፉ የሚከተሉትን ቅደም ተከተል ጠብቁ።

1. በመግቢያው አንቀጽ አከራካሪውን ጉዳይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጹ።
2. የማትስማሙበትን ወገን ጠንካራ ምክንያት ሳታዳክሙ አቅርቡ። ደካማውን ምክንያት መርጦ መርታት ድል አይደለም።
3. ቀጥሎ የራሳችሁን ወገን ምክንያት ከማስረጃ ጋር አስቀምጡ። ከማስረጃው ቢያንስ አንዱ በዓይናችሁ ያያችሁት፣ ከሰፈራችሁ ወይም ከክፍላችሁ የተገኘ ይሁን። በምንባቡ የልጅቱን ድርሰት ሕያው ያደረገው ይህ ነው።
4. ማስረጃው ጉዳዩን በእርግጥ ያስረዳ እንደሆነ ጠይቁ። በምንባቡ ውስጥ የ2015ቱ የፈተና ውጤት እንዴት እንደተመረመረ ተመልከቱ።
5. በመደምደሚያው ፍርዳችሁን ስጡ። «ሁለቱም ልክ ናቸው» ብሎ ማለፍ ማመዛዘን አይደለም።

ከሰው፣ ከመጽሐፍ ወይም ከማሽን እርዳታ ያገኘ ጸሐፊ በድርሰቱ መጨረሻ ምን ጠይቆ ምን እንዳገኘ ይጽፋል። ይህ የሐቀኛ ጸሐፊ ልማድ ነው፤ ነውር የሚሆነው መደበቁ ነው።

ሠ. መልመጃዎች

መልመጃ 1. በምንባቡ መሠረት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
1. ልጁ በነጥብ ቢበልጥም ለምን «በዕውቀት ተጎዳ» ተባለ?
2. የፕላዝማ ትምህርት ጥቅምና ጉድለት ምን ምን ነበር?
3. «ማሽኑ ይበልጥ የሚጠቅመው አስቀድሞ ለተማረ ሰው ነው» የሚለውን ሐሳብ በሌላ ምሳሌ አስረዱ።
4. መምህሩ ለሁለቱ ተማሪዎች የሰጡት ነጥብ ፍትሐዊ ነው ትላላችሁ? እናንተ ብትሆኑ በምን መለኪያ ታርሙ ነበር?

መልመጃ 2. ባዶውን ቦታ በተስማሚ አያያዥ ሙሉ።
1. ስልኩ የአባቱ ነው፤ ______ ሲፈልግ ሁሉ ሊጠቀምበት አይችልም።
2. ______ ድርሰቷ ግድፈት ቢኖረውም፣ ሐሳቡ የራሷ ነው።
3. መሣሪያው ብዙ ያውቃል ይባላል፤ ______ የሰፈራችንን ገበያ አላየም።

መልመጃ 3. «ዋና» እና «ገና» የሚሉትን ቃላት አንድ ጊዜ አላልታችሁ፣ አንድ ጊዜ አጥብቃችሁ በማንበብ ለየፍቻቸው አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

መልመጃ 4. «በትምህርት ቤታችን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለቤት ሥራ ሊፈቀድ ይገባልን?» በሚል ርእስ አምስት አንቀጽ ያለው አመዛዛኝ ድርሰት ጻፉ። የመጀመሪያውን ረቂቅ በክፍል ውስጥ፣ በእጃችሁ ጻፉ። ከዚያም ረቂቃችሁን ከጓደኛችሁ ጋር ተለዋውጣችሁ፣ የማይስማማበት ወገን ምክንያት በቅንነት ቀርቦ እንደሆነ እንዲነግራችሁ ጠይቁ።