የሐዘንተኛ ቃል እንደ ማስረጃ፦ ከሕክምና ምርምር ለምሥራቅ ጎጃም የወንጀል ፍትሕ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

በሞጣ በኩል ዓባይን የሚሻገረው ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ «ሰባራ ድልድይ» ተብሎ ይጠራል። ግንባታው በ17ኛው ምእተ ዓመት ለነገሡት ለዐፄ ፋሲለደስ የሚሰጥ ሲሆን፣ አንዱ ቅስት የፈረሰው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ስሙ አንድ ነገር በታማኝነት ጠብቆ አቆይቷል፤ ድልድዩ መሰበሩን። በየትኛው ቀን፣ በማን ትእዛዝ፣ ለምን ዓላማ ተሰበረ የሚሉትን ጥያቄዎች ግን ስሙ ብቻውን አይመልስም። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ከዚሁ ይነሣል፤ ሕዝብ በቃል ያቆየው ማስረጃ ምን ይነግረናል? ምንስ ሊነግረን አይችልም? ጥያቄውን ለመመለስ በአካባቢው ከሚዘፈኑት ሁሉ በጎላው የፍርድ ጉዳይ ላይ እናተኩራለን። ዘዴውን ግን የምንዋሰው ካልተለመደ ቦታ፣ ከሕክምና ምርምር ነው።

ጉዳዩ፦ ከቢቸና እስከ አዲስ አበባ

ደጃዝማች በላይ ዘለቀ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ኮስትር፣ በአምስቱ የወረራ ዓመታት በቢቸናና በአካባቢው የአርበኝነቱን ትግል ከመሩት መካከል በግንባር ቀደምነት ይጠቀሳሉ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ የደጃዝማችነት ማዕረግ አግኝተው ቢቸናን እንዲያስተዳድሩ ተሾሙ። ብዙ ሳይቆይ ግን ከመንግሥቱ ሹማምንት ጋር ተጋጭተው ሸፈቱ፤ ተይዘውም ሞት ተፈረደባቸው። ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለውጦ ነበር፤ ከእስር ለማምለጥ ከሞከሩ በኋላ ግን በጥር ወር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀሉ። አብረዋቸው የተሰቀሉት ልጅ ማሞ ኃይሉ፣ በወረራው ዘመን ከጣሊያን ጎን የቆሙት የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ነበሩ።

በወቅቱ ሥራ ላይ የነበረው በ1923 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። የፍርድ ቤቶቹ አቋምም በ1934 ዓ.ም. የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ተደንግጎ ነበር። ስለዚህ የሕግ ታሪክ አጥኚ ይህን ጉዳይ በሕጉ፣ በአዋጁና በመዝገቡ በኩል ሊያየው ይችላል። በጎጃም ገበሬ ዘንድ ግን ጉዳዩ የተላለፈው በሙሾ፣ በቀረርቶ፣ በሽለላና በአዝማሪ ዘፈን ነው። ቆይቶም በካሴትና በመድረክ ሙዚቃ በኩል ለከተሜው ወጣት ደርሷል። በሕግ ቋንቋ ሽፍትነት የተባለውን፣ ዘፈኑ በሌላ ሚዛን ይመዝነዋል።

ሁለት የአጠቃቀም ስሕተቶች

በዚህ ዓይነት ማስረጃ አጠቃቀም ረገድ ሁለት ተቃራኒ ስሕተቶች ይታያሉ። የመጀመሪያው ዘፈንን ጨርሶ ከማስረጃነት ማውጣት ነው። ይህ አቋም ጥንቃቄ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን የተፈረደበትን ወገን ድምፅ ዘግቶ የፈራጁን ብቻ ማስቀረት ነው። ሁለተኛው ዘፈንን እንደ ይግባኝ ውሳኔ መቁጠር ነው። ሙሾው «ተበደለ» ካለ፣ አጥኚው መበደሉ ተረጋገጠ ብሎ ይደመድማል።

የፖለቲካ ባለሥልጣናት ከአጥኚዎች ቀድመው የዘፈንን ኃይል ተገንዝበው ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የግድያ ሙከራ በኋላ ግራዚያኒ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ባሕታውያን ተይዘው እንዲገደሉ አዘዘ። መዝፈን ራሱ በሞት የሚያስቀጣ ጥፋት ሆነ ማለት ነው። ይህን ማወቅ ለአጥኚው ዘዴያዊ ትርጉም አለው። ቅጣት በሚያስከትል ቃል የሚዘፍን ሰው በቀጥታ አይናገርም፤ በሰምና ወርቅ ይሸፍናል። ስለዚህ የቃል ግጥሙን ላይኛ ትርጉም ብቻ መዝግቦ የሚመለስ ተመራማሪ፣ ከዘፋኙ ፍራቻ በስተቀር ያገኘው ነገር ላይኖር ይችላል።

የሕክምና ምርምር ምን አደረገ?

የሕክምና ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ችግር ገጥሟቸዋል። በአገራችን አብዛኛው ሰው የሚሞተው በቤቱ፣ የሞቱን ምክንያት የሚመሰክር ሐኪም በሌለበት ነው። ይህን ክፍተት ለመሙላት በቃለ መጠይቅ የሞትን ምክንያት የማጣራት ዘዴ ሥራ ላይ ዋለ። የሠለጠነ ጠያቂ ከሐዘኑ ቀናት በኋላ ወደ ቤተሰቡ ሄዶ የታዩትን ምልክቶች፣ የቆዩበትን ጊዜና ቅደም ተከተላቸውን ይመዘግባል። ከዚያ ሁለት ሐኪሞች አንዱ የሌላውን ሳያይ መዝገቡን አንብበው ምክንያቱን ይወስናሉ። ካልተስማሙ ሦስተኛ ይጨመራል። የዓለም ጤና ድርጅት መጠይቁን እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ ወጥ አድርጎ ያወጣ ሲሆን፣ ከዚያም ደጋግሞ አሻሽሎታል።

በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በየመቃብር ቦታው የተካሄደው የቀብር ምዝገባ፣ የኤድስን የሞት መጠን ለመገመት በዚሁ ዘዴ ተጠቅሟል። ቤተሰብ የበሽታውን ስም በቀጥታ መናገር ስለሚከብደው «የሳንባ በሽታ» ወይም «ብርድ» ይል ነበር። ተመራማሪዎቹ ይህን መሸፋፈን እንደ ውሸት ቆጥረው አልጣሉትም፤ እንደ እውነትም አልተቀበሉት። የተሸፈነውን ቃል ከሌላ የምርመራ ውጤት ጋር በማመሳከር፣ የትኛው ቃል የትኛውን ምክንያት ምን ያህል ጊዜ እንደሚያመለክት ፈተኑ። የሚሸሽገው ቃል ራሱ ጠቋሚ ሆነ።

ለታሪክ አጥኚው የሚተርፉ ሦስት ደንቦች

አንደኛ፣ አጠያየቁን መመዝገብ። ቃል ግጥሙ በለቅሶ፣ በሠርግ፣ በደቦ ወይስ በጠጅ ቤት ተባለ? ዘፋኙ ከማን ሰማው? ከካሴት የተማረውን ከአያቱ ከሰማው ለይቶ የማይመዘግብ ጥናት፣ የአንድ ምንጭ አሥር ቅጂ ይዞ አሥር ምስክር ያገኘ ይመስለዋል።

ሁለተኛ፣ ሁለት አንባቢ። አንዱ የአካባቢውን ንግግርና የቅኔ ስልት የሚያውቅ፣ ሌላው የሕግ ታሪክ ባለሙያ ሆኖ፣ ሁለቱ ለየብቻ ይተርጉሙት። ያልተስማሙበት ቦታ የጥናቱ ጉድለት ሳይሆን ግኝቱ ነው፤ ሕጉና ሕዝቡ የተለያዩበትን ነጥብ የሚያሳየው እርሱ ነውና።

ሦስተኛ፣ ሰነድ ባለበት ጉዳይ ማመሳከር። ጌቴ ገላዬ በምሥራቅ ጎጃም የሰበሰባቸውና ያጠኗቸው፣ ስለ 1989ኙ የመሬት ክፍፍል የተገጠሙ ቃል ግጥሞች ለዚህ ይረዳሉ። የመንግሥት መመሪያውም የገበሬው ግጥምም በአንድ ዘመን ስለሚገኙ፣ ግጥሙ ምኑን እንደያዘና ምኑን እንደተወ ማነጻጸር ይቻላል። በዚያ የተፈተነ የአነባበብ ስልት ወደ ሩቁ የ1937ቱ ጉዳይ ሊሻገር ይችላል።

እነዚህ ደንቦች የዘፈኑን ወሰንም ያሳያሉ። ማሞ ኃይሉና በላይ ዘለቀ በአንድ ቀን፣ በአንድ መንግሥት ተሰቀሉ፤ ዘፈኑ ግን እኩል አላለቀሰላቸውም። ለሕክምና ተመራማሪ ይህ የታወቀ ነገር ነው፤ ሆስፒታል የደረሰ ሞት ብቻ ከተቆጠረ ቤት የቀረው ይረሳል። የዘፈን ዝምታ የንጽሕና ወይም የጥፋት ማስረጃ አይደለም። ማኅበረሰቡ ማንን የእኔ እንዳለ የሚያሳይ ማስረጃ ግን ነው። ቃል ግጥም የችሎቱን ቀንና የተጠቀሰውን አንቀጽ ለማወቅ ደካማ ምስክር ሆኖ ሳለ፣ ሰዎች ፍትሕ ብለው ይጠብቁት የነበረውን ለማወቅ ጠንካራ ምስክር ነው። «አገር ነጻ ያወጣ ሰው ሲያጠፋ እንዴት ይዳኝ?» የሚለው ጥያቄ በ1923ቱ ሕግ ውስጥ አንቀጽ የለውም፤ በሙሾው ውስጥ ግን ዋናው ጉዳይ እርሱ ነው።

ማጠቃለያ

የፈረዱትም የተፈረደባቸውም ዘሮች ዛሬ በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ቀበሌ ይኖራሉ። ስለዚህ ዘፈንን ያለ ሥርዓት የሚጠቅስ ጥናት የአንዱን ቤት ሐዘን በሌላው ላይ ክስ ሊያደርገው ይችላል። ዘፈንን ጨርሶ የሚያገል ጥናትም የሐዘንተኛውን ምስክርነት ሳይሰማ መዝገቡን ይዘጋል። የሕክምና ባለሙያዎቹ ያሳዩን መንገድ በሁለቱ መካከል ያልፋል፤ ሐዘንተኛውን በአክብሮት መጠየቅ፣ የተናገረውን ሳይቀንሱ መጻፍ፣ ከዚያም ቃሉ የሚያውቀውን ከማያውቀው መለየት። በቢቸናና በሞጣ ቃል ግጥሞቹን ከቀደሙት አፍ የሰሙ አረጋውያን ዕድሜያቸው እየገፋ ነው። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ጽሑፋቸው ርእስ ሲመርጡ ይህን ሥራ ቢያስቀድሙ፣ መዝገብ ቤቱ ይቆያቸዋል፤ አረጋውያኑ ግን አይቆዩም።