የአንጀት አውታርና የእንጨት ፒያኖ

ዕጩ መምህራን ስለ ሙዚቃ መሣሪያ ስናስተምር ደጋግመን የምንሰማው አባባል አለ፤ «በገናና ማሲንቆ ኋላ ቀር ናቸው፣ የረቀቀው የአውሮፓው ነው» ይባላል። እስቲ ከአውሮፓው ራሱ እንነሣ።

ቤትሆቨን የመጀመሪያዎቹን ሁለት የቼሎና የፒያኖ ሶናታዎች የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1796 በርሊን ሄዶ ሳለ ነው። የፕሩሺያው ንጉሥ ፍሪድሪሽ ቪልሄልም 2ኛ ራሱ ቼሎ ይጫወት ነበር። (በእኛም አገር በገናን መኳንንቱ ሲደረድሩት ኖረዋል።) ያን ጊዜ የነበረው ቼሎ ግን የዛሬው አይደለም። አውታሮቹ የአንጀት ነበሩ። መሬት የሚነካ የብረት ዘንግ ስላልነበረው ተጫዋቹ በሁለት ባቱ መካከል ደግፎ ይይዘዋል። ፒያኖውም እንዲሁ ነው፤ ቁልፎቹ እንደ ዛሬው 88 ሳይሆኑ 61 ያህል፣ አካሉ በእንጨት የተዋቀረ፣ ክሮቹ ቀጫጭን፣ መዶሻዎቹም ቆዳ የለበሱ ነበሩ። የዛሬው ትልቅ ፒያኖ የብረት ማዕቀፍ አለው፤ የክሮቹ ውጥረት ሲደመር ከ15 ቶን በላይ ይሆናል። በሳሪስ መንገድ የሚያልፍ አይሱዙ ይህን ቢጭኑበት ይሰበራል!

ታዲያ ምን ሆነ? በዛሬው ፒያኖ ሲጫወቱት የፒያኖው ድምፅ ቼሎውን ይውጠዋል። ቼሎ ተጫዋቹ እንዲሰማ ደጋኑን ተጭኖ ይጎትታል፣ ፒያኖ ተጫዋቹም ጣቱን ይሰበስባል። ደራሲው ማመጣጠን ያቃተው ይመስላል። በድሮው ፒያኖ ግን ድምፁ እንደተመታ ቶሎ ስለሚከስም ለቼሎው ቦታ ይለቃል። አነር ቤይልስማና ማልኮም ቢልሰን ሶናታዎቹን በዚህ ዓይነት መሣሪያ ቀርፀዋቸዋል፤ ብታገኙ አድምጡ።

አሁን ወደ በገና እንምጣ። አሥሩ አውታሮቹ በባህሉ ከበግ አንጀት ይሠራሉ። በአውታሩና በበርኩማው መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ ቆዳ ይገባል፤ ያ የሚያነዝር ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ጉድለት የሚመስለው ሰው አለ፣ ነገር ግን ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። አቶ ዓለሙ አጋ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፒያኖ በሚሰጥበት በያሬድ ሙዚቃ ት/ቤት ይህንኑ በገና አስተምረዋል።

አሁን አሁን አንዳንዱ ደርዳሪ አንጀቱን በናይለን ይተካል። አንጀት በክረምት ይረጥባል፣ ቅኝቱን ይለቃል፣ ይበጠሳል፤ ስለዚህ አንፈርድበትም። ተማሪው ግን የሁለቱን ልዩነት በጆሮው ሳይሰማ አንዱን «የተሻሻለ» ሌላውን «ኋላ ቀር» ብሎ በደብተሩ ሊጽፍ አይገባም።

ለክፍል ሥራ፦ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ፣ አንድ ጣውላ፣ እኩል ርዝመት ያላቸው ሦስት ክሮች ይዘጋጁ፤ ሽቦ፣ የዓሣ ማጥመጃ ናይለንና የበግ አንጀት። አንጀቱ በጎፋም ሆነ በመካኒሳ በበዓል ቀን በየግቢው አይጠፋም። ታጥቦ፣ ተፍቆ፣ ተገምዶ፣ ተወጥሮ ይድረቅ። (ሽታውን የማይችል ቡድን ከክፍል ውጭ ይሥራ።) ተማሪዎች ጀርባቸውን ሰጥተው የትኛው ድምፅ ቶሎ እንደሚጠፋ ይናገሩ። ከዚያ ከአውታሩ ሥር ቁራጭ ቆዳ አስገቡና እንደገና ምቱት።