ልጅን ለትምህርት ቤት ማዘጋጀት

ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ (2፥52) ጌታችን ኢየሱስ በጥበብም በቁመትም ማደጉን ጽፎልናል። እኛም ልጆቻችንን ለትምህርት ስናሰናዳ አካልንና አእምሮን ልንነጣጥል አይገባንም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫ፣ የልጆች ቀዳሚ አስተማሪዎች ወላጆች መሆናቸውን አስተምሯል።

በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ፣ ሰባት ዓመት የሞላው ሕፃን ብዙ ጊዜ ከፍየል ጥበቃ ወደ ትምህርት ገበታ ይሻገራል። እንግዲህ መስከረም ሳይጠባ ምን እናድርግለት?

ስለ አካሉ፦ በጊዜ መተኛትንና ቁርስ በልቶ መውጣትን እናስለምደው፤ የትምህርት ቤቱንም መንገድ አብረነው እንሂድ። በክልላችን ትራኮማ የብዙዎችን ዓይን ስለሚጎዳ፣ ጠዋት ጠዋት ፊቱን ይታጠብ፤ ዓይኑ የታመመ ልጅ ሰሌዳውን አጥርቶ አያይምና።

ስለ አእምሮው፦ ፍየሎቹን ይቁጠር፤ ተረትና እንቆቅልሽ ይስማ፤ የሰማውንም መልሶ ይንገረን። የቤቱ ቋንቋ ኽምጥኛ ከሆነም በኽምጥኛ ይሁን። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ የወሰነው፣ ልጅ በሚያውቀው ቋንቋ ይበልጥ ስለሚማር ነው።

ከሁሉ በላይ «መምህሩ ይገርፍሃል» እያልን አናስፈራራው። በፍርሃት የገባ ልጅ ባይገባውም አይጠይቅም፤ ውሎ አድሮም ወደ ፍየሎቹ ይመለሳል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ይህን ምክር ለወላጆች አድርሱ።